ልዩ ልዩ ስለ ማለት

ዳይቨርስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጓሜው ልዩ ልዩ ማለት ነው። ሥሩ የሮማይስጥ ቃል ነው፤ በዚያም ቋንቋ ወደ ሌላ ወገን የዞረ ማለት ነበረ። ስለዚህ የሚነገረው ስለ ዓይነት መለያየት ነው እንጂ ስለ ብዛት ብቻ አይደለም። የአንድ ቁና ጤፍ ፍሬ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዳይቨርስ አይባልም። ጤፍና ገብስ፥ ባቄላና ኑግ በአንድነት ሲነሡ ግን ይህ ቃል ይገባቸዋል።

ቃሉ ብቻውን አያመሰግንም፥ አይነቅፍምም፤ ከእርሱ ኋላ የሚቆመው ስም ነገሩን ይገልጠዋል። ገበሬ ልዩ ልዩ ዘር ቢዘራ፥ አንዱን ዋግ ቢመታው ሌላው ቤቱን ይመግባልና ብልህ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን፥ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25፥ ዳይቨርዝ በሚባለው በቃሉ አሮጌ መልክ ስለ ልዩ ልዩ መመዘኛ ይናገራል፤ ይህንም በከረጢት መያዝ ይከለክላል። በትልቁ መመዘኛ እየገዛ በትንሹ የሚሸጥ ነጋዴ የድኻውን እንጀራ ይሰርቃልና።

እንግዲህ ተማሪ ቃሉን ሲያጠና ስፍራውንም ይለይ፤ ዘር ልዩ ልዩ ቢሆን በረከት ነው፥ ሚዛን ግን ለሁሉ አንድ ይሁን።