አንደኛው ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር

«ጋሼ፣ የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ቅድም ራቅ ብሎ አልነበር የቆመው? አሁን ምን ቤዙ ላይ አጣበቀው?»

ጠያቂው በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። አጎቱ ቤዝቦልን ለዓመታት ተከታትለዋል፤ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናልስ ፓርክ አብረው ተቀምጠዋል።

«ሯጩ አለ አይደል? ካልጠበቀው ወደ ሁለተኛው ቤዝ እየተንፏቀቀ ይርቃል። ከቤዝ ቤዝ ያለው ርቀት 27 ሜትር ከ40 ገደማ ነው፤ ሁለት እርምጃ ማትረፍ ቀላል አይደለም። ኳስ ወርዋሪው ፒቸር ድንገት ዞሮ ቢወረውር ተቀብሎ የሚነካው ሰው ያስፈልጋል።»

«ታዲያ በእሱ በኩል ሜዳው ተከፈተ እኮ!»

«ተከፈተ። አውቀው ነው።»

ሽማግሌው ወደ መሃል ጠቆሙ። የሁለተኛው ቤዝ ጠባቂም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕም ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ቀርበዋል። በዚህ አቋቋም አልፏቸው የሚሄድ ኳስ ይበዛል። በምትኩ መሬት ለመሬት የመጣ አንድ ኳስ ሁለት ሰው ሊያስወጣ ይችላል፦ አንዱ ይለቅማል፣ ሌላው ሁለተኛውን ቤዝ ረግጦ ወደ አንደኛው ይወረውራል። ደብል ፕሌይ የሚባለው ይህ ነው።

«ሁለት ሰው አስቀድሞ ወጥቶ ቢሆንስ?»

«ያኔ የሚቀራቸው አንድ ሰው ስለሆነ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።»

ከዚያ ሽማግሌው ለደብል ፕሌይ ምሳሌ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ካንሳስ ሲቲ ላይ የተደረገውን የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ አነሱ። ውጤቱ 2 ለ 2 ነው፤ የካንሳስ ሲቲው ሎሬንዞ ኬን አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሆዝመር የመታት ኳስ በመሃል ልታልፍ ስትል የሳን ፍራንሲስኮው ጆ ፓኒክ ተወርውሮ ያዛት። በእጁ ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረው በቀጥታ ከጓንቱ ለሾርትስቶፑ ብራንደን ክሮፎርድ ወረወረለት፤ ክሮፎርድም ቤዙን ረግጦ ወደ አንደኛው ላካት። ዳኛው ሆዝመር ደርሷል ቢልም ቪዲዮው ታይቶ ውሳኔው ተገለበጠ። ሳን ፍራንሲስኮ 3 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

«ሁሉም የሚያወራው ስለ ፓኒክ ጓንት ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ግን ክሮፎርድን አደንቃለሁ። እሱ በጊዜው ቤዙ ላይ ባይደርስ የፓኒክ ውርወራ ተቀባይ አልነበረውም።»

«ሯጩ ቤዝ ሊሰርቅ ቢነሳስ፣ ጋሼ? እሱንም ይንገሩኝ።»

«እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ለሯጩ ተመችቶታል። ፒቸሩ በአንድ መቺ ጊዜ ሦስተኛ ሙከራ አድርጎ ካላስወጣው ሯጩ በነፃ ሁለተኛውን ቤዝ ያገኛል። ሯጩ ሲነሳ ከመቺው ጀርባ ያለው ካቸር ወደ ሁለተኛው ቤዝ ይወረውራል፤ የሁለተኛው ቤዝ ጠባቂና ሾርትስቶፑ ውርወራውን ማን እንደሚቀበል ቀድመው ይስማማሉ፤ አፋቸውን በጓንት ከልለው ሲነጋገሩ የምታየው ለዚህ ነው። መቺው ቀኝ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ ይሮጣል።»

«አሁን የገባው ግራ መቺ ነው። ሾርትስቶፑ ነዋ!»

«እሱ ነው። ቀድሞ ከተነሳ ግን የለቀቀው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ መቺው ኳሷን ወደዚያ ሊልካት ይችላል።»