ውሻም ጉንፋን ይይዘዋል?

ዘንድሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ቀርቦልን ነበር። አዎን፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ከባዱ ጉንፋን ውሻንም ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ የእሽቅድድም ውሾች በሳልና በሳንባ ምች ታመሙ፤ አንዳንዶቹም ሞቱ። ሲመረመር፣ ኤች3ኤን8 የተባለ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ውሾች ተሻግሮ ተገኘ። ሁለተኛው ዓይነት ኤች3ኤን2 ከወፎች የመጣ ነው፤ በቻይናና በኮሪያ ውሾች ላይ ከታየ በኋላ በ2015 አሜሪካ ገባ።

ቫይረሱ እንዴት ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ይሻገራል? የዘር መረጃው 8 ቁራጭ ነው። ሲባዛ ስህተት ይሠራል፤ ከስህተቶቹ ጥቂቶቹ ለአዲስ እንስሳ ያመቹታል። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንድ እንስሳ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ ቁራጮቻቸውን ይለዋወጡና አዲስ ዓይነት ይፈጠራል።

እነዚህ ሁለት የውሻ ቫይረሶች ሰውን እንደያዙ እስካሁን አልተመዘገበም። ስለዚህ የሰፈራችንን ውሾች በድንጋይ ማባረር መፍትሔ አይደለም። የወፎቹ ኤች5ኤን1 ግን ይለያል። በ2004 ታይላንድ ውስጥ በበሽታው የሞተ ዳክዬ የበላ ውሻ ሞቷል። በ2006 ደግሞ እዚሁ ጅቡቲ፣ በአርታ አውራጃ፣ አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን በዚሁ ቫይረስ መያዟ ተረጋግጧል።

ልጆቻችን፣ የሞተ ዶሮ ወይም እርግብ ብታዩ በእጃችሁ አትንኩ፤ ለውሻም አትጣሉ፤ ወዲያው ለታላላቆቻችሁ ንገሩ። ወላጆችም፣ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱባችሁ ዝም አትበሉ፤ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ። ከእንስሳት ጋር ስንውል እጃችንን በሳሙና መታጠብ የሁላችንም ልማድ ይሁን።