ከገበያ ከተገዛ ቲማቲም ዘር ስለ ማውጣት

በሸኮ ከሚዛን ተፈሪ ወይም ከቴፒ ገበያ ከተገዛ ቲማቲም ዘር አውጥተን እንዝራ ወይ ለሚል ገበሬ የምንሰጠው መልስ፦ ለጓሮ አዎን፣ ለማኅበር ማሳ ግን አይሆንም የሚል ነው።

የቲማቲም አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ፣ ከመልካ ሾላና ከመልካ ሳልሳ የተወሰደ ዘር እናቱን ይመስላል። ፍሬው የዲቃላ ከሆነ ግን ልጆቹ በቁመትም በፍሬም ይለያያሉ። ገበያ ላይ ያለውን ፍሬ በዓይን አይቶ ዲቃላውን መለየት አይቻልም። ከታመመ ተክል የተለቀመ ፍሬም በሽታውን በዘሩ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በደንብ ከቀላ ጤናማ ፍሬ የወጣው ዘር ከነፈሳሹ በብርጭቆ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆይ። ሽታው ደስ አይልም፤ ዝልግልጉ ሽፋን የሚለቀው ግን በዚህ ነው። ከዚህ በላይ ከቆየ ዘሩ እዚያው ማጎንቆል ይጀምራል። ከዚያም በወንፊት ይታጠባል።

በእኛ አካባቢ አስቸጋሪው ሥራ ማድረቁ ነው። ስለዚህ ዘሩ ዝናብ በሚቀንስበት በታኅሣሥና በጥር ቢወጣ ይመረጣል። በሰሐን ላይ በስሱ ተሰጥቶ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይድረቅ፤ እሳት ዳር አይቀመጥ። በደንብ ሳይደርቅ ጠርሙስ ውስጥ የተከደነ ዘር ክረምቱን ሳይወጣ ይሻግታል።

ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል። በ10 ቀን ውስጥ 16 ካልበቀለ ሌላ ዘር ይፈለግ። ችግኙ በቡና ጥላ ሥር አይተከል፤ ቡና አብቃይ ባዶ ቦታ ማየት አይወድም እንጂ፣ እርጥበት በበዛበት ጥላ ምች ቶሎ ይነሣል።