ስለ ጥበብ አባትነት

እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ባርነት ካወጣ በኋላ በምድረ በዳ ማደሪያው የምትሆን ድንኳን እንዲሠሩለት አዘዘ። ለዚህም ሥራ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፥ ከዳን ነገድ ኤልያብን መረጠ፤ ወርቁንና ናሱን የሚሠሩበትን፥ ዕንቍ የሚቀርጹበትን፥ እንጨት የሚጠርቡበትን ጥበብ ሰጣቸው (ዘጸ. 31፥1-6)። ይህን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜም ይሰበካል። ከዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 35 ቍጥር 34 ላይ ያለውን ግን ሳንመለከተው እናልፋለን። በዚያ እንደ ተገለጠው እግዚአብሔር በባስልኤልና በኤልያብ ልብ ያኖረው መሥራትን ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ማስተማርንም ጭምር ነው። እንግዲህ ጥበብ ለተሰጠው ሰው የማስተማር ግዴታ አብሮ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ጥበቡን ተቀብሎ ማስተማሩን የተወ ሰው ከተቀበለው መክሊት እኩሌታውን ቀብሮታል።

ይህን ቃል መነሻ አድርገን ልንናገር ያሰብነው ጥበብ እያላቸው ረዳት ስለሌላቸው ወጣቶች ነው። በነቀምቴ ከተማ በጨለለቂ ሰፈርም ሆነ በጊምቢ፥ በነጆና በደምቢ ዶሎ፥ በከሰል ግድግዳ ላይ የሚሥል፥ ማኅሌት ሲቆም ከከበሮው አጠገብ የማይለይ፥ ከቍራጭ ጨርቅ ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅ አይጠፋም። ከነዚህም መካከል አባቱ የሞተበት፥ ከቀዬው ተፈናቅሎ በዘመድ ቤት የተጠጋ፥ እናቱ በጕልት ችርቻሮ የምታሳድገው አለ። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሠዓሊው በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ከነቀምቴ እስከዚያ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። የመሳፈሪያና የቤት ኪራይ ለሌለው ልጅ ይህ መንገድ ከ330 ኪሎ ሜትር ይልቃል። ከዚያም ደርሶ ለመፈተን አስቀድሞ እጁን ያለማመደው ሰው ሊኖረው ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው በር በሰፈሩ መከፈት አለበት፤ በሩም ሕንፃ ሳይሆን ሰው ነው።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ የዜማችን አባት ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው፤ መምህሩ በገሠጸውና በቀጣው ጊዜ ልጁ ጠፍቶ ሄደ። በመንገድም ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ስትወጣ፥ ስትወድቅ፥ ደግሞም ስትወጣ አየ፤ ከዚያም ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ስለ ትሏ ሁልጊዜ እንሰብካለን፤ ለተማሪው የምንመክረውም የእርስዋን ትዕግሥት ነው። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህራን የሚሆን ትምህርት አለ። ያሬድ በተመለሰ ጊዜ ጌዴዎን በሩን አልዘጋበትም፤ ይቅርታውን ተቀብሎ እንደገና አስተማረው። ሂድ፥ አንተ ለትምህርት አልተፈጠርክም ብሎት ቢሆን ኖሮ ትዕግሥቱ ብቻውን የት ያደርሰው ነበር? እንግዲህ የተማሪው ትዕግሥት ፍሬ የሚሰጠው የመምህሩ ትዕግሥት ሲቀበለው ነው።

የቅኔ ቤታችንም ሥርዓት የዚሁ ምስክር ነው። ከዋድላ፥ ከዋሸራና ከጎንጅ ጀምሮ በየጉባኤ ቤቱ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ ይዘው፥ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ የሚማሩ ነበሩ። ከነዚህ ድኆች መምህሩ ይጠብቅ የነበረው ገንዘብ አልነበረም፤ አዲስ ሐሳብ ነበር። ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን ያርማል፥ ምሥጢሩን ያቀናል፥ ዜማውን ያስተካክላል። የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ አይመሰገንም፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቅበታል። ዛሬ በዓለም ፈጠራን እንዴት እናስተምር እየተባለ ይመከራል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን የለማኝ አኩፋዳ ለያዘው ልጅ ይህን ያለ ዋጋ ስታስተምር ኖራለች። ለቅኔ ተማሪ የተደረገው ለሥዕል፥ ለበገና፥ ለጥልፍና ለጽሕፈት ተማሪ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ እንዳይመስል ከቅርቡም ምሳሌ እንጨምር። በገናን በአገራችንና በውጭ አገር ካሳወቁት አንዱ መምህር ዓለሙ አጋ ናቸው። እርሳቸው በገናን የተማሩት ገና በልጅነታቸው፥ በአዲስ አበባ በሰፈራቸው ከነበሩት የበገና መምህር ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ኋላም ራሳቸው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተምረዋል። ልብ እንበል፤ መጀመሪያ የነበረው አንድ ጎረቤት ነው። አንድ ሽማግሌ የጎረቤታቸውን ልጅ ተቀብለው በማስተማራቸው በገና ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ተሻገረ።

ከወለጋ ምድርም ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይህኛው ወደ ራሳችን እንድንመለከት ያደርገናል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከቤታቸው ተሰርቀው የተሸጡ፥ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡ ሰው ነበሩ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተወሰደች። ኦነሲሞስ የዚህችን ልጅ የቋንቋ ስጦታ አስተዋሉ፤ የቃላትንም ስብስብ እንድታዘጋጅ አደረጉ። በትርጕሙ ሥራ ረዳታቸው ሆነች፤ ከሕዝቡ አፍ የተገኘውን ተረት፥ ምሳሌና ዜማ ለቅማ በመጻፍም እ.ኤ.አ. በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ብዙ ደከመች። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጡ፤ በዚያን ጊዜ አገሩን ይገዙ የነበሩት በጥምቀት ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ደጃዝማች ኵምሳ ሞረዳ ነበሩ።

የነዚህ ሰዎች የሃይማኖት ትምህርት ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛም ይህን ልዩነት ለማቃለል አልተነሣንም። ታሪኩን ያመጣነው ራሳችንን ለመጠየቅ ነው። ያችን ልጅ፥ አባትና እናት የሌላትን፥ ከባርነት የወጣችውን፥ የምታውቀው ዜማና ተረት ዋጋ ያለው መሆኑን ማን ነገራት? እርሱም እንደ እርስዋ መከራን የቀመሰ ሰው ነበረ። ዛሬም በደጃችን ያለውን ልጅ እኛ ካላየነው ሌላ ያየዋል፤ ወይም ማንም ሳያየው ይቀራል። ሌላው ቢያየው ቅናት አይገባንም፤ ማንም ሳያየው ቢቀር ግን ተጠያቂዎች ነን።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፥ ሥዕልና ዜማ እንጀራ አይሆንም፤ ለድኃ ልጅ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚያበላው ሥራ ነው ይላሉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ አንንቀውም። ነገር ግን ከዚህ በስተ ኋላ የቆየ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ባለ እጅን መናቅ ነው። ሸክላ ሠሪዋን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን ስንሰድብ ኖረናል፤ የሠሩትን ግን እንጠቀምበታለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። ጌታችን የጠራቢ ልጅ ተብሏል (ማቴ. 13፥55)፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)፤ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ የናስ ሥራ ያስመጣው የጢሮሱ ኪራም የመበለት ልጅ ነበር (1ኛ ነገ. 7፥13-14)። ሰሎሞን ያን የመበለት ልጅ አልናቀውም፤ ሥራ ሰጠው እንጂ።

እንጀራውን በሚመለከት ግን መምህሩ እውነቱን ይንገረው። ጥበብን የተማረ ሁሉ በጥበብ ብቻ አይተዳደርም። ስለዚህ የጥበብ አባት ቀለም መቀላቀልን ብቻ ሳይሆን የድካምን ዋጋ መተመንን፥ የቀጠሩትን ቀን ማክበርን፥ ውልን አንብቦ መፈረምን ጭምር ማስተማር ይገባዋል። ልጁም መደበኛ ትምህርቱን እንዳይተው ይጠብቀው።

አሁን ምን እናድርግ ወደሚለው እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ልጁን መፈለግ ነው። ችግረኛው ልጅ ራሱ መጥቶ አስተምሩኝ አይልም፤ ልብሱን እያየ ያፍራል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና የንስሐ አባቶች በየቤቱ ስለሚገቡ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ሴቶች ልጆችም አይዘንጉ፤ በጥልፍ፥ በሥዕልና በበገና የተሰጣቸው ስጦታ በጓዳ ተደብቆ የሚቀር ብዙ ነው። በወለጋ ያለ መምህርም ልጁ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ከሆነ በዚያው ቋንቋ ያስረዳው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ጥበብ የጎደለው መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው ውል ነው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ፥ የንስሐ አባትና መምህሩ በአንድነት ተቀምጠው በሳምንት ስንት ቀን፥ በስንት ሰዓት፥ እስከ መቼ እንደሚማር ይወስኑ። ትምህርቱ ሰው በሚያየው ግልጥ ቦታ ይሁን፤ ይህም ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል። ልጁን ቤት ጠራጊና ተላላኪ አድርጎ ተማሪዬ ነው የሚል መምህር አስተማሪ ሳይሆን ጕልበት በዝባዥ ነው። ሥራው ከተሸጠም ከዋጋው ድርሻው ይሰጠው፤ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት ምን ያህል ኃጢአት እንደ ሆነ ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 ቍጥር 4 አስጠንቅቋል።

ሦስተኛው ሥራ መስጠት ነው፤ ይህ የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ ነው። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች በአጥቢያቸው ጉዳይ በአንድነት ይመክራሉ። አጥቢያው በየዓመቱ ልብሰ ተክህኖ ያሰፋል፥ ጃንጥላ ያሠራል፥ ግድግዳ ያሥላል። ከነዚህ ብዙው ተሠርቶ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ በእጅ ከተሣለው ይልቅ በማተሚያ የታተመ ሥዕል የሚሰቀልበትም አጥቢያ ጥቂት አይደለም። ጉባኤው ከሠዓሊ ወይም ከልብስ ሰፊ ጋር ሲዋዋል፥ ከአጥቢያው ልጆች አንዱን እያስተማረ አብሮ እንዲያሠራ የሚል አንድ አንቀጽ በውሉ ይጻፍ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ተሥሎ ባለቀ ጊዜ አጥቢያው ሥዕልም ሠዓሊም ይኖረዋል።

አራተኛው እርማት ነው። ተማሪ ይሳሳታል፤ ብራናውን ያበላሻል፥ ቀለሙን ያፈስሳል፥ ዜማውን ያፋልሳል። ያለ እርማት የሚያድግ የለም፤ ነገር ግን ሥራውን ማረምና ልጁን ማዋረድ አንድ አይደሉም። ይህ መስመር ጠሟል ማለት ትምህርት ነው፤ አንተ ጠማማ ነህ ማለት ግን ስብራት ነው። በቤቱ ስድብ የለመደ ልጅ ከመምህሩም ስድብን ከሰማ ወዴት ይመለሳል?

አምስተኛውና ለመምህራን ሁሉ የሚከብደው መልቀቅ ነው። ልጁ ከመምህሩ በልጦ ቢገኝ መምህሩ ደስ ይበለው፤ በሥራው ላይ የልጁ ስም ይጠራ፤ ሥራ የሚሰጡትን ሰዎች ያስተዋውቀው። መጥምቁ ዮሐንስ የእርሱን ማደግና የራሱን ማነስ በደስታ እንደ ተቀበለ (ዮሐ. 3፥30) እናስብ። ኤልሳዕም የኤልያስን መጐናጸፊያ ያነሣው ኤልያስ ስለ ተወለት ነው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ከአንድ ልጅ በላይ አይጠይቅም። በየአጥቢያው ድጓ የሚያውቁ መሪጌቶች፥ ብራና ዳምጠው በመቃ የሚጽፉ ጸሐፍት፥ ልብስ ሰፊዎች፥ አናጢዎች፥ በገና ደርዳሪዎች አሉ። ከነዚህ እያንዳንዱ በሚመጣው የትምህርት ዘመን አንድ ችግረኛ ልጅ ቢይዝ፥ ያም ልጅ ሲደርስ ሌላ ቢይዝ፥ በጨለለቂ የተከፈተው በር ለወለጋ ሁሉ፥ ከዚያም ለአገራችን ይተርፋል። እግዚአብሔር በባስልኤልና በኤልያብ ልብ ያኖረውን የማስተማር ፈቃድ በእኛም ልብ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።