ስለ ፔጆ 404 ፍሬን

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኋትንና አራቱም እግሯ የታምቡር ፍሬን የሆነውን ፔጆ 404 በማደስ ላይ ነኝ። የፊቱን ወደ ዲስክ ብለውጠው ይበጃልን? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በፈረስ መጋላ መንገደኛ ሲጠብቁ የኖሩት እነዚህ መኪኖች በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ሲሠሩ፣ በ1960ዎቹ ማብቂያ ፋብሪካው ራሱ የፊት ዲስክ ስለ ገጠመላቸው፣ የተመኙት ለውጥ ከጥንተ ተፈጥሯቸው የወጣ አይደለም።

ነገር ግን ዲስኩን ብቻ ነጥሎ መግጠም ብርቱ ስሕተት ነው፤ የታምቡር ሸራ በመንኰራኵሩ ዙረት እየተሳበ ኃይሉን ራሱ ሲያበዛ፣ ዲስክ ግን ይህ ጸጋ ስለሌለው የበለጠ ግፊት ይሻልና፣ ከኋለኛው ዘመን 404 የፊት እግሩን ከነሴርቮውና ከነዋናው ፖምፓ በአንድነት ያውርዱ። የታምቡሩ ፖምፓ በመስመሩ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ካለበት፣ ዲስኩን ሳይለቅ ይዞ ያግለዋል።

መኪናይቱ በጀጎል ጠባብ መንገድ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ፣ በእኔ ፍርድ ታምቡሩን በአዲስ ሸራና በአዲስ የጎማ ቱቦ ማደስ ይበቃል። በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ከሆነ ግን፣ በረጅሙ ጉዞ ታምቡሩ ግሎ ሸራው መያዝ ስለሚሳነው፣ ለውጡ የተገባ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲሰነብት በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት።

ሥራው ሲፈጸም አየሩን ከመስመሩ አስወጥተው፣ በሜዳ ቀስ ብለው ሳይፈትኑ ቁልቁለቱን እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ።