የጸደይ የበረዶ ናዳ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ መልመጃዎቹን ሥሩ።

በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች በዝናብ የራሰ አፈር ከተራራ ሲወርድ «ናዳ» እንለዋለን። ከፈረንሳይ ተነሥተው በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ በኩል እስከ ስሎቬኒያ በሚዘልቁት የአልፕስ ተራራዎች ግን በረዶም ይናዳል። እ.ኤ.አ. በ1950/51 የብርድ ወራት በእነዚህ ተራራዎች የወረደው የበረዶ ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል።

የተራራ በረዶ አንድ ወጥ አይደለም። በየጊዜው የወረደው እንደ እንጀራ ተነባብሮ ይከመራል። ከንብብሮቹ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆናል። ልሉ ከሥር፣ ጠንካራው ከላይ በሆነ ጊዜ የላይኛው እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው።

በጸደይ ወራት፣ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጊዜ የበረዶው ገጽ ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በማለዳ የሚጓዝ ሰው እግሩ አይሰምጥም። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ገጹ ይቀልጣል፤ ውኃውም ወደ ውስጥ ሰርጎ ንብብሮቹን ያላቅቃል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ የታመነው ተዳፋት በቀትር ገዳይ ይሆናል። ሌሊቱ ደመናማ ከሆነ ደግሞ በረዶው ሳይረጋ ስለሚያድር አደጋው ከጧት ይጀምራል።

በተራራ ተጓዦች ላይ ከሚደርሱት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሡት ተጓዦቹ ራሳቸው ናቸው፤ የአንድ ሰው ክብደት የላላውን በረዶ ለማናድ ይበቃልና። ከናዳው ሥር የተቀበረ ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈው በሕይወት የመገኘት ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። ከሩቅ ከሚመጣ ረዳት ይልቅ ሊያድነው የሚችለው አብሮት ያለው ባልንጀራ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ተጓዥ የራዲዮ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ቀጭን መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል። በስዊዘርላንድ በዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶ ምርምር ተቋምም የአደጋውን መጠን ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ ለሕዝብ ያስታውቃል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ብልኅ ተጓዥ ሳይነጋ ተነሥቶ ቀትር ሳይደርስ ይመለሳል። እግሩ በበረዶው ውስጥ መስጠም ከጀመረ፣ ወደ ተራራው ጫፍ ለመድረስ ጥቂት ቢቀረውም እንኳ ፊቱን ያዞራል፤ ተራራው በማግሥቱም በስፍራው ይገኛልና።

መልመጃ

ሀ/ የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጻፉ።
1. ንብብር  2. ልል  3. ሰርጎ  4. ይመነምናል

ለ/ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. አንዱ ተዳፋት በማለዳ የሚታመነው፣ በቀትር የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
2. ደመናማ ሌሊት አደጋውን የሚያባብሰው እንዴት ነው?
3. ለተቀበረው ሰው ከሩቅ ረዳት ይልቅ ባልንጀራው የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ሐ/ ሰዋስው፦ «ከ» መነሻን (ከጧት)፣ ሁኔታን (ደመናማ ከሆነ)፣ ማወዳደርን (ከረዳት ይልቅ) ያመለክታል። ከምንባቡ ሌሎች ሦስት ምሳሌዎች አውጥታችሁ አገልግሎታቸውን ግለጹ።

መ/ ድርሰት፦ በአካባቢያችሁ ስለሚደርስ ጎርፍ፣ ናዳ ወይም መብረቅ፣ አስቀድሞ የሚታየውን ምልክትና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በመግለጽ ባለሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።