ለአሮጌ መኪና የኋላ ሴንሰር በራስ እጅ

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ወደ ኋላ ስሄድ የሚያስጠነቅቀኝ ሴንሰር ራሴ ልሠራለት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላሉ። አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ውሃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰርና ትንሽ የድምፅ ማስጠንቀቂያ ይበቃሉ። ሴንሰሩ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ በድምፅ ፍጥነት (በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ) ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል።

ኃይሉን ከኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ ይውሰዱ፤ ማርሹ ሲገባ ብቻ ይሠራል። የመኪናው 12 ቮልት ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ስለሚጠጋ፣ በኮንቨርተር ወደ 5 ዝቅ ያድርጉት፤ ፊውዝም አይርሱ። ሴንሰሩን ፓራውልቱ ላይ፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይግጠሙት። ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች በትክክል ስለማያነብ፣ ከኋላ ካለው ነገር 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርሱ ያለማቋረጥ እንዲጮህ ያድርጉት።

አንድ አደራ፦ ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ ሴንሰሩ ሕፃን ላያይ ይችላል። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ወርደው ይዩ።